ጦይባ የጠረዘችው ቅሬታ

ደሴ፣ ሆጤ፤ ከምሳ በኋላ። የማተሚያ ቤት ባለቤቱ ጋሽ ፈንታው ግራ እግራቸው እስከ ጭናቸው በጄሶ ተጠቅልሎ ሶፋ ላይ ተጋድመዋል፤ ከሁለት ወር በፊት ከሥራ ያሰናበቷት መጽሐፍ ጠራዥ ጦይባ ብርቱካንና አንድ የተጠረዘ ደብተር ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

ጋሽ ፈንታው፦ ብርቱካኑን እቀበላለሁ፣ እሱን ግን አልቀበልም! በሽተኛ ልትጠይቂ ከመጣሽ እንደ ጠያቂ ተቀመጪ።

ጦይባ፦ ጠያቂ ነኝ እኮ ጋሼ። እግርዎን ልጠይቅ መጣሁ፤ በዚያው መብቴንም ልጠይቅ።

ጋሽ ፈንታው፦ እግሬ ደህና ነው። ሌላው ጥያቄ ስድን ይደርሳል።

ጦይባ፦ አላህ ይማርዎት። እዚህች ጋ «ተቀብያለሁ» ብለው ይፈርሙልኝና ብርቱካኑን ልላጥልዎት።

ጋሽ ፈንታው፦ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ጦይባ፦ የተሰበረው እግርዎ አይደለም እንዴ?

ጋሽ ፈንታው፦ ሰውነት አንድ ነው። እግር ሲታመም እጅም ያዝናል።

ጦይባ፦ ስገባ ቆሎ ሲዘግን ያየሁት እጅ ግን ሐዘንተኛ አይመስልም ነበር።

ጋሽ ፈንታው፦ አንቺ ሴትዮ፣ ደብዳቤ የምትቀበል ጸሐፊ አለችኝ። ለምን ለእሷ አትሰጫትም?

ጦይባ፦ ሰጠኋት። «ፋይል ውስጥ ከትቼዋለሁ» አለችኝ፤ በሳምንቱ ስጠይቃት «የትኛው ደብዳቤ?» አለች። ሁለተኛውን ለገንዘብ ያዡ ሰጠሁት፤ የሻይ ብርጭቆ ሲያስቀምጥበት በዓይኔ አየሁ። ሦስተኛውን ለእርስዎ ልሰጥ ግማሽ ቀን በሩ ላይ ቆምኩ፤ በጓሮ ወጡ።

ጋሽ ፈንታው፦ ቸኩዬ ነው።

ጦይባ፦ አውቃለሁ፤ ባርኔጣዎ ሲወድቅ እንኳ አላነሱትም። ክፉ አልመኘሁልዎትም፣ ወላሂ፤ ግን ተሰብረው ተኝተዋል ሲሉኝ «አሁንስ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል» አልኩ።

ጋሽ ፈንታው፦ ደግ ጠያቂ ነሽ! ለመሆኑ ይሄ ምንድን ነው? ማመልከቻ ነው ወይስ ዳዊት?

ጦይባ፦ ነጠላ ወረቀት ይጠፋል ጋሼ። ብርጭቆም ይቀመጥበታል። ስለዚህ ጠረዝኩት።

ጋሽ ፈንታው፦ ሽፋን አድርገሽ? በወርቅ ቀለም «ቅሬታ» ብለሽ? ልትድሪ ነው ልትከሺ?

ጦይባ፦ ልከስዎት ብፈልግ ብርቱካን ይዤ እመጣ ነበር? ያቺ በነጻ የምታማክር የሕግ ባለሙያ አለች አይደል፣ እሷ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። የሥራ ስንብት ክፍያ አልሰጡኝም፣ ያልወጣሁት የዓመት ፈቃድም አልታሰበልኝም አልኳት። «መጀመሪያ ቅሬታሽን ለአሠሪሽ በጽሑፍ አቅርቢ፤ መቀበላቸውን አስፈርሚ፤ መልስ ካጣሽ ያኔ እንሄድበታለን» አለችኝ።

ጋሽ ፈንታው፦ ጨዋ ልጅ ናት። የማን ልጅ ናት?

ጦይባ፦ ምን ሊያደርግልዎት?

ጋሽ ፈንታው፦ አባቷን ባውቃቸው ብዬ ነው።

ጦይባ፦ የሚፈርሙት አባቷ አይደሉም ጋሼ፤ እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ፈንታው፦ ጦይባ፣ ስሚኝ። እኔ አንቺን እንደ ሠራተኛ አይቼሽ አላውቅም፤ እንደ ልጄ ነው የማይሽ። በአባትና በልጅ መካከል ፊርማ ምን ይሠራል?

ጦይባ፦ እንደ ልጅዎ ከሆንኩማ የስንብቱ ክፍያ ይቅር። ውርሴን ይስጡኝ።

ጋሽ ፈንታው፦ አነጋገር ነው እንጂ!

ጦይባ፦ እኔ ደግሞ እውነት መስሎኝ ስንት ዓመት በበዓል ሳይቀር ሥራ ገባሁ።

ጋሽ ፈንታው፦ ነገሩን በሽማግሌ እንየው። ሰፈር ውስጥ ስንት አዋቂ ሞልቶ ምን ወረቀት ለወረቀት አደረሰን?

ጦይባ፦ ሽማግሌዎቹ «በሉ ይቅር ተባባሉ» ይላሉ። እርስዎ «ይቅር» ይላሉ፣ እኔም «ይቅር» እላለሁ፤ የሚቀረው ግን የኔ ገንዘብ ነው።

ጋሽ ፈንታው፦ ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል አልሰማሽም?

ጦይባ፦ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባልም ሰምቻለሁ።

ጋሽ ፈንታው፦ ደጃዝማችነት ወሰድኩብሽ እንዴ?

ጦይባ፦ እረፍቴን ወሰዱብኝ። እሱን ይመልሱልኝ እንጂ ደጃዝማችነቱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ጋሽ ፈንታው፦ እስቲ ወዲህ በይው። ላየው ብቻ ነው። ማየት መቀበል አይደለም።

ጦይባ፦ አይደለም።

ጋሽ ፈንታው፦ ማንበብም መቀበል አይደለም።

ጦይባ፦ እሺ አልኩ እኮ። መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው።

ጋሽ ፈንታው፦ «ለአቶ ፋንታው…» ፋንታው? ማነው ፋንታው? ፈንታው ነኝ! በግዕዙ «ፈ»! በራብዕ አድርገሽ ሌላ ሰው አደረግሽኝ!

ጦይባ፦ ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ። እስክሪብቶ ልፈልግልዎት?

ጋሽ ፈንታው፦ ቀዩ እዚሁ ጋቢዬ ሥር ነው። ስሜን ብቻ ነው የማቃናው። ሰው በስሙ ይጠራ ይባላል።

ጦይባ፦ ተገቢ ነው።

ጋሽ ፈንታው፦ «እኔ ሰራተኛዎ…» ኧረ ጉድ! በእሳቱ «ሰ»!

ጦይባ፦ የትኛው ነበር?

ጋሽ ፈንታው፦ ንጉሡ! ንጉሡ «ሠ»! ሥራ ንጉሥ ነው እያልኩ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ለጥፌላችሁ አልነበር? «አመት» ደግሞ በዓይኑ «ዐ» ነው። ይሄንን ሰው ቢያየው ምን ይለኛል? «ፈንታው ጋ የሠራች ሴት እንዲህ ነው የምትጽፈው» አይልም?

ጦይባ፦ እኔም እሱን ፈርቼ ነው ሰው ሳያየው ወደ እርስዎ ያመጣሁት። አፍዎን ይክፈቱ እስቲ፣ ይቺን ይጉረሱ።

ጋሽ ፈንታው፦ ቆይ… እም… ጣፋጭ ነው። የሐይቅ ብርቱካን ነው?

ጦይባ፦ አዎ። ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ጊዜ አለን።

ጋሽ ፈንታው፦ «በድርጅቱ ለአሥራ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ።» አሥራ ሁለት? ሒሳብም ጠፋብሽ?

ጦይባ፦ መሰለኝ።

ጋሽ ፈንታው፦ ምን መሰለኝ ይባላል! የገባሽው ሸዋ በር ሳለን ነው፤ ወደ ፒያሳ የመጣነው በዓመቱ ነው። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱ እንዳይበሰብስ ነጠላሽን አልብሰሽው በብርድ አልተንቀጠቀጥሽም? አሥራ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ነው! ሰርዤዋለሁ።

ጦይባ፦ እርስዎ ባይኖሩ ዓመት ከመንፈቅ ሊጠፋብኝ ነበር።

ጋሽ ፈንታው፦ ዓመት ከአራት ወር። ዓመት ከመንፈቅ አይደለም።

ጦይባ፦ እሺ።

ጋሽ ፈንታው፦ «ያልወጣሁት የዓመት ፈቃድ ሠላሳ ቀን…» ይኸውልሽ፣ ይህም ስህተት ነው። አምና ጥቅምት የአሥራ አራት ቀን ፈቃድ ወጥተሽ አልነበር?

ጦይባ፦ ወጥቼ ነበር።

ጋሽ ፈንታው፦ ሦስት ቀን እንደ ተቀመጥሽ የዕድር ደብተሮቹ ሲመጡ ማን ደውሎ መለሰሽ? እኔ አይደለሁም? ከኩታበር ድረስ በጭነት መኪና ገብተሽ የዚያኑ ዕለት ስትጠርዢ አላመሸሽም? ታዲያ አሥራ አንዱ ቀን የት ገባ? ሰው የራሱን እንዴት ይረሳል? አርባ አንድ በይ፤ አርባ አንድ!

ጦይባ፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ማለት ይሄ ነው። ይጻፉት።

ጋሽ ፈንታው፦ ጻፍኩት። ቀጥሎ… «ከሥራ የተሰናበትኩት ባለቤቱ ስለ ጠሉኝ ነው።» ምን? ምንድን ነው የጻፍሽው?

ጦይባ፦ የመሰለኝን።

ጋሽ ፈንታው፦ ማን ጠላሽ? ኧረ ማርያምን! ሰው ምን ይለኛል? የማሽን ነገር ነው እንጂ የጥላቻ ነው? ይህን መሥመር ከነሥሩ ነው የማጠፋው። ይኸው፣ ይኸው… «ድርጅቱ የጥረዛ ማሽን በመግዛቱ፣ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ተሰናብቻለሁ።» እውነቱ ይሄ ነው። ሰው ቅሬታ ሲያቀርብ እንኳ እውነት መናገር አለበት።

ጦይባ፦ አለበት። ቀሪዎቹን ገጾችም ይዩልኝ።

ጋሽ ፈንታው፦ አየሁ፣ አየሁ። እዚህ ጋ አራት ነጥብ ረስተሽ ነበር። እዚህ ጋ «ገንዘብ»ን ሁለት ጊዜ ደግመሽዋል፤ አንዱ ይበቃል። በይ እንኪ። ልፈርምልሽ አልችልም እንጂ ጽሑፉስ አሁን ሰው ፊት ይቀርባል።

ጦይባ፦ አላህ ይስጥዎት ጋሼ። በሉ ልሂድ፤ ባለቤትዎ ከዕድር ሲመለሱ ሰላም ይበሉልኝ።

ጋሽ ፈንታው፦ ትሄጃለሽ? ፊርማውስ?

ጦይባ፦ ምን ያደርግልኛል?

ጋሽ ፈንታው፦ መቀበሌን… ማለቴ፣ አለመቀበሌን…

ጦይባ፦ ሳይቀበሉት ነው በየገጹ በቀይ የጻፉበት?

ጋሽ ፈንታው፦ ያረምኩት ፊደሉን ብቻ ነው!

ጦይባ፦ «አሥራ ሦስት ዓመት ከአራት ወር»፣ የእርስዎ እጅ ነው። «አርባ አንድ ቀን»፣ የእርስዎ እጅ ነው። ይቺ ታች ያለችው ደግሞ ከሁሉ ትበልጣለች፤ «በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት» ትላለች። በዘበኛው የላኩልኝ ደብዳቤ ግን «በገዛ ፈቃዷ ሥራ ስለ ለቀቀች» ነው የሚለው። በገዛ ፈቃዱ ለወጣ ሰው የስንብት ክፍያ የለም ብለው አይደል እንዲህ ያስጻፉት?

ጋሽ ፈንታው፦ እሱን የጻፈችው ጸሐፊዋ ናት።

ጦይባ፦ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ያን ዕለት እጅዎ አልተንቀጠቀጠም።

ጋሽ ፈንታው፦ ሆን ብለሽ ነው! ስሜን ሆን ብለሽ ነው ያበላሸሽው!

ጦይባ፦ ጋሼ፣ እኔ ከእርስዎ ጀርባ ተቀምጬ ስንት ዓመት ኖርኩ? ያልታረመ የሠርግ ጥሪ ከዚያ ቤት ወጥቶ ያውቃል? የእናትዎን የተዝካር ጥሪ እንኳ እያለቀሱ ሲያርሙ አይቻለሁ። እንባው በወደቀበት ቦታ ሁለት ነጥብ ጎድሎ ነበር፤ እሱንም አልማሩትም።

ጋሽ ፈንታው፦ እስቲ መልሺልኝ። አንድ ስህተት ቀርቶኛል።

ጦይባ፦ ይኸው፣ ይያዙት።

ጋሽ ፈንታው፦ አንዷን ገጽ ብቻ ነው… ይቺን… ምነው? ምን ሆና ነው አልቀደድ ያለችው?

ጦይባ፦ በእጥፍ ክር ነው የሰፋኋት።

ጋሽ ፈንታው፦ እህ… ኧረ በስመ አብ!

ጦይባ፦ ይተዉት ጋሼ፣ ላብ አጠመቀዎት። እግርዎንም ያመዋል።

ጋሽ ፈንታው፦ ይሄኔ የማሽኑ ቢሆን እፍ ሲሉት ነበር የሚበተነው።

ጦይባ፦ ምን አሉ?

ጋሽ ፈንታው፦ ምንም አላልኩም።

ጦይባ፦ ማሽኑ ምን ሆነ?

ጋሽ ፈንታው፦ ማሽኑ ደህና ነው። ያበራል፣ ይጮኻል፣ ያምራል። መጽሐፎቹ ናቸው እንጂ።

ጦይባ፦ የትኞቹ?

ጋሽ ፈንታው፦ የትምህርት ቤቱ ሦስት መቶ መጽሐፍ። ሙጫው የደሴን ብርድ አልቻለም። ልጆቹ ገጽ ሃያን ሲገልጡ ገጽ ሃያ ተነሥቶ ወደ ጦሳ ተራራ ይበራል። ርእሰ መምህሩ ሁሉንም በጆንያ አድርገው መለሱልኝ፤ «አቶ ፈንታው፣ እኛ ያዘዝነው መጽሐፍ እንጂ በራሪ ወረቀት አልነበረም» አሉኝ። ሰው በተሰበሰበበት!

ጦይባ፦ አብሽሩ ጋሼ። እርስዎስ የወደቁት ከዚህ በፊት ነው ከዚህ በኋላ?

ጋሽ ፈንታው፦ ደረጃ ነው የጣለኝ።

ጦይባ፦ የወደቁት ማተሚያ ቤት ነው አሉኝ፤ እዚያ ደረጃ የለም።

ጋሽ ፈንታው፦ መሰላል በይው ታዲያ! ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያንቺ ወስፌና ክር ነበር። ላወርደው ወጣሁ።

ጦይባ፦ ማን ሊሰፋበት?

ጋሽ ፈንታው፦ እኔ ነኛ! ስትሰፊ ሳይሽ ቀላል ይመስል ነበር። ምን ታይኛለሽ? የቆጡን አወርድ ብላ ልትይኝ ነው?

ጦይባ፦ ምንም አልተረትኩም።

ጋሽ ፈንታው፦ ዓይንሽ ተርቷል።

ጦይባ፦ ለምን አልጠሩኝም? ከማተሚያ ቤቱ ቢጣሩ ቤቴ ይሰማል።

ጋሽ ፈንታው፦ በምን ፊቴ? ደብዳቤ በዘበኛ የላክሁባትን ሴት «ነይና አውጪኝ» ልበላት?

ጦይባ፦ አንድ ነገር ልንገርዎት። ስምዎንም፣ ዓመቱንም፣ ቀኑንም ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት። «ስለ ጠሉኝ ነው» ያልኩትን ግን እንዲያርሙት ብቻ አልጻፍኩትም። ከልቤም ነበር።

ጋሽ ፈንታው፦ እንዴት?

ጦይባ፦ ዘበኛው ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ገና ቀትር አልሆነም። ሽርጤን አወለቅኩ፤ ለሰው ሁሉ ደህና ሁኑ አልኩ። የእርስዎ ቢሮ መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁ። ይወጣሉ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ሠርተን፣ ልጄን ስድር ሚዜዎቹን በራስዎ መኪና አመላልሰው፣ በመጨረሻው ቀን ከመጋረጃ ጋር ተሰናብቼ ወጣሁ።

ጋሽ ፈንታው፦ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

ጦይባ፦ አውቃለሁ፤ ጫማዎ ከሥር ይታይ ነበር።

ጋሽ ፈንታው፦ የምለው ጠፍቶኝ ነው ጦይባ። ለሺህ ሰው ጥሪ ጽፌ፣ ለስንቱ ሙት የሐዘን መግለጫ አርሜ፣ ለአንቺ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

ጦይባ፦ «ደህና ሁኚ» ይበቃኝ ነበር።

ጋሽ ፈንታው፦ እሱንም ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር። አየሁት፣ አላማረኝም፣ ሰረዝኩት።

ጦይባ፦ ምኑ ነው ያላማረዎት?

ጋሽ ፈንታው፦ ውሸት ነበረው። ደህና እንዳትሆኚ ያደረግሁሽ እኔ ሆኜ ደህና ሁኚ ልበልሽ?

ጦይባ፦ እንኩ፣ ይቺንም ብርቱካን ይብሏት።

ጋሽ ፈንታው፦ ቆይ። ሰማያዊ እስክሪብቶ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አለ፤ አምጪልኝ። ፊርማ በቀይ አያምርም።

ጦይባ፦ ይኸው።

ጋሽ ፈንታው፦ «ይህን ቅሬታ አንብቤ፣ አርሜ፣ ተቀብያለሁ።»

ጦይባ፦ «አርሜ» የሚለው ባይገባ ምን አለ?

ጋሽ ፈንታው፦ እውነት ነዋ! ያላረምኩት ጽሑፍ ላይ ፈርሜ አላውቅም። ቀኑንም ጻፍኩ። ጸሐፊዋ የጻፈችውንም ደብዳቤ አምጪልኝና አቃናዋለሁ። ታረቅን?

ጦይባ፦ እኔ ድሮም አልተጣላሁም።

ጋሽ ፈንታው፦ እሰየው! እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሥራ ግቢ። ሦስት መቶው መጽሐፍ በጆንያ እንደ ሆነ ይጠብቅሻል። ደሞዝሽም እንደ ድሮው ነው፤ አልቀንስብሽም።

ጦይባ፦ ሰኞ ሁለት ሰዓት የሕግ ባለሙያዋ ጋ ቀጠሮ አለኝ።

ጋሽ ፈንታው፦ አሁን ፈረምኩልሽ እኮ!

ጦይባ፦ የፈረሙት መቀበልዎን ነው፤ መክፈልዎን አይደለም። የሥራ ስንብቱም የፈቃዱም ከሰኞ በፊት እጄ ከገባ ቀጠሮውን እሰርዘዋለሁ፤ ጠዋቴም ባዶ ይሆናል። ያኔ መጥቼ መጽሐፎቹን እሰፋልዎታለሁ። በደሞዝ ግን አይደለም፤ በመጽሐፍ ቁጥር ተዋውለን ነው።

ጋሽ ፈንታው፦ ከሰኞ በፊት? በቅዳሜና በእሑድ ከየት አምጥቼ ልክፈልሽ?

ጦይባ፦ ዛሬ ገና ዓርብ ነው ጋሼ፤ ባንኩም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይዘጋም። የቼክ ደብተርዎን ላቀብልዎት ወይስ ክራንችዎን?